የመኪና ፊውዝ፣ የውስጥ መብራትና የኋላ ኮፈን፦ ያለ አደጋ የመፈተሻና የመጠገኛ መመሪያ

ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የውስጥ መብራቱ ጠፋብኝ፤ ፊውዙን ቀየርኩት፤ ሁለት ቀን ሠርቶ መልሶ ተቃጠለ። ከፍ ያለ አምፔር ላድርግበት?» አያድርጉበት። ፊውዙ የተቃጠለው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ በሽቦው ውስጥ ሽቦው ሊሸከም ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ ስላለፈ ነው። በብዙ መኪኖች ደግሞ የጣሪያው መብራት፣ የበሮቹ መብራትና የኋላ ኮፈን መብራት ከአንድ ፊውዝ ነው የሚመገቡት። ስለዚህ ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለው አምፖል ጠፍቶ ጥፋቱ የኋላ ኮፈን ማጠፊያ ሥር የተላጠ ሽቦ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሦስቱን አንድ ላይ የምናየው ለዚህ ነው።

መመሪያው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላላቸው የቤት መኪኖች ነው። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪኖችም ለመብራት የሚጠቀሙት ይህንኑ 12 ቮልት ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ወፍራም ገመድ ካዩ ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነውና አይንኩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቴስተር (መልቲሜትር)። ከሌለ ባለ 12 ቮልት የፍተሻ መብራት
- መለዋወጫ ፊውዝ፦ ከ10፣ ከ15 እና ከ20 አምፔር ሁለት ሁለት፣ መኪናዎ በሚጠቀመው ቅርጽና መጠን
- የፊውዝ መንቀያ፤ ትንሽ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ነው፣ ብዙ ጊዜ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል
- ጫፉ በቴፕ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ወይም የፕላስቲክ መፈንቀያ
- ከነባሩ ጋር እኩል ርዝመትና ዋት ያለው አምፖል
- የእጅ ባትሪ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ጓንት
- ለሽቦ ጥገና ብቻ፦ እኩል ውፍረት ያለው የመኪና ሽቦ፣ በሙቀት የሚጠብ የሽቦ ሽፋን፣ መበየጃ ወይም የሽቦ ማያያዣን ጨምቆ የሚያጠብቅ ፒንሳ
- የመኪናው መጽሐፍ (ማንዋል)

ከመጀመርዎ በፊት

የኤርባግ ፊውዝን አይንቀሉ፣ በኤርባግ ሽቦ ላይም የፍተሻ መብራት አይሰኩ። ሽቦውና መሰኪያው ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው። የፍተሻ መብራት የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላል። ሥራው ወደ እሱ የሚያስጠጋ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ሥርዓቱ ባትሪው ከተፈታ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ቀለበትና የብረት ሰዓት ያውልቁ። 12 ቮልት ሰውነትን አይነዝርም፤ ነገር ግን ቀለበት በባትሪው ፖዘቲቭና በመኪናው ብረት መካከል ቢገባ በቅጽበት ግሎ ጣት ያቃጥላል።

ክፍል አንድ፦ ፊውዙን ማግኘት፣ መፈተሽ፣ መቀየር

1. መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ይመልከቱ። የጣሪያው መብራት ሦስት ቦታ አለው፦ ሁልጊዜ የበራ፣ በር ሲከፈት ብቻ የሚበራ፣ ሁልጊዜ የጠፋ። «ተበላሸ» ከሚባለው መብራት ብዙው ዕቃ ሲጫን ወይም ልጅ ሲነካካው ወደ ሦስተኛው ቦታ የሄደ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ የዳሽቦርዱን ብርሃን የሚያደበዝዘው ተሽከርካሪ ቁልፍ እስከ መጨረሻ ከዞረ የጣሪያውንም መብራት ያጠፋዋል ወይም ያበራዋል። ሳጥን ከመክፈትዎ በፊት ሁለቱን ያንቀሳቅሱ።

2. መኪናውን ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩንና መብራቱን ሁሉ ያጥፉ፣ ቁልፉን ያውጡ። ኤሌክትሪክ እያለፈበት ያለ ፊውዝ ሲነቀል ትንሽ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታው የሳጥኑን ጥርሶች (ፊውዙን የሚይዙትን ብረቶች) ያጠቁራል፣ የጠቆረ ጥርስ ደግሞ በኋላ ይግላል።

3. የፊውዝ ሳጥኑን ያግኙ። ከአንድ በላይ ነው። አንዱ ከፊት ኮፈን ሥር ባትሪው አጠገብ፣ ሌላው ከመሪው በታች ወይም በዳሽቦርዱ ጎን በሩ ሲከፈት በሚታየው ክዳን ሥር፣ አንዳንዴም ከጓንት ሳጥኑ ኋላ ነው። ባትሪያቸው ከኋላ የሆነ መኪኖች እዚያም አላቸው። የውስጥ መብራትና የሬዲዮ ፊውዞችን አስቀድመው ከሾፌሩ አካባቢ ካለው ሳጥን ይፈልጉ።

4. የክዳኑን ሥዕል ያንብቡ። የጣሪያ መብራት በሥዕሉ ላይ «ዶም»፣ «ሩም» ወይም «ኢንቴሪየር» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ወይም በአምፖል ምልክት ይጻፋል። ቦታውን በስልክዎ ፎቶ አንሱት። ነቅለው ከጨረሱ በኋላ «ከየትኛው ነበር?» ማለት የዚህ ሥራ የተለመደ ጣጣ ነው።

5. ሳይነቅሉ ይለኩ። ፊውዙ በጀርባው ላይ ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች አሉት። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት 20 ላይ ያድርጉ፣ ጥቁሩን ጫፍ ቀለም በሌለበት የመኪናው ብረት ላይ (መካኒኮች ማሳ የሚሉት) ያስነኩ፣ ቀዩን በየተራ በሁለቱ ነጥቦች ላይ ያድርጉ።

ሁለቱም ነጥብ 12 ቮልት አካባቢ ካሳየ ፊውዙ ደህና ነው፤ ችግሩ ወደ አምፖሉ ነው። አንዱ 12 ሌላው ዜሮ ከሆነ ተቃጥሏል። ሁለቱም ዜሮ ከሆነ ወደ ፊውዙ ኃይል አልደረሰም፦ ወይ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚሠራ ነው፣ ወይ ከሱ በፊት ያለ ትልቅ ፊውዝ ተቃጥሏል።

በዓይን ብቻ አይፍረዱ። የተቃጠለው ቀጭን ክር አንዳንዴ የሚበጠሰው ፕላስቲኩ በሸፈነው ቦታ ነው፤ ደህና የሚመስል ፊውዝ የተቃጠለ ሆኖ ይገኛል።

> ጥንቃቄ፦ የቴስተሩ ቀይ ገመድ በ«10 አምፔር» ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ሳለ ቮልት አይለኩ። በዚያ ቀዳዳ ቴስተሩ እንደ ቀጥታ ሽቦ ነው፤ ያስነኩትን ሾርት ያደርገዋል (ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ወደ ማሳ ያሳልፈዋል)።

6. በመንቀያው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ወደ ጎን አይነቅንቁ፤ የሳጥኑ ጥርሶች ይከፈቱና አዲሱን ፊውዝ አጥብቀው አይዙትም። በብረት ፒንሳ አይያዙ፣ አጠገቡ ያለውን ነክቶ ሾርት ያደርጋል።

7. ቁጥሩንም ቅርጹንም ያመሳስሉ። የተለመዱት ባለ ሁለት እግር ፊውዞች ቀለም የሚከተለው ነው፦

- 5 አምፔር፦ ፈዛዛ ቡናማ
- 7.5፦ ቡናማ
- 10፦ ቀይ
- 15፦ ሰማያዊ
- 20፦ ቢጫ
- 25፦ ነጭ ወይም ቀለም አልባ
- 30፦ አረንጓዴ

ቀለሙ ቶሎ ለመለየት ነው፤ ወሳኙ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ከዚያም በላይ በክዳኑ ሥዕል ላይ ያለው ቁጥር ነው። ከእርስዎ በፊት የነዳው ሰው ትልቅ አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል የነቀሉትን ብቻ አይቅዱ።

ለምን ይህን ያህል እንጨቃጨቃለን? በ10 አምፔር የተጠበቀ መስመር ሽቦው ቀጭን ነው። 30 ካስገቡበት 20 እና 25 አምፔር ያለማቋረጥ ሲያልፍ ፊውዙ ዝም ይላል። የሚግለው ሽቦው ነው፤ ሽፋኑ ቀልጦ ከጣሪያው ጨርቅ ወይም ከምንጣፉ ሥር እሳት ይነሳል። በሲጋራ ወረቀት ብርማ ክፍል፣ በሽቦ ወይም በሚስማር መቀጠልም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም የሚያቆመው ምንም የለም።

መለዋወጫ ከሌለዎትና መንገድ ላይ ከሆኑ እኩል አምፔር ያለውን ለጊዜው ከማያስፈልግዎ ቦታ፣ ለምሳሌ ከሲጋራ መለኮሻው፣ መዋስ ይቻላል። ከፍሬን መብራት፣ ከፊት መብራት፣ ከኤርባግ ግን አይዋሱ።

8. እስኪቆም ድረስ በጣት ይግፉት፣ ከዚያ ይሞክሩ። ግማሽ የገባ ፊውዝ ይሠራል፤ ግን በላላው መገናኛ ላይ ሙቀት ይፈጠርና የሳጥኑ ፕላስቲክ ይቀልጣል። መብራቱ በርቶ ከቀጠለ ጨርሰዋል። ወዲያው ከተቃጠለ ሁለተኛ አያባክኑ፤ ወደ 15ኛው ደረጃ ይሂዱ።

ክፍል ሁለት፦ የውስጥ መብራት

9. አምፖሉን ከመንካትዎ በፊት የመብራቱን ፊውዝ ይንቀሉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። በብዙ መኪኖች አንዱ የአምፖል መያዣ ጥርስ፣ ማጥፊያው ጠፍቶም ቢሆን፣ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት፤ በሩ የሚያገናኘው የማሳውን በኩል ብቻ ነው። በብረት ካቻቢቴ አምፖሉን ሊፈነቅሉ ሲሉ ጫፉ ሁለቱን ጥርሶች ወይም ጥርሱንና የጣሪያውን ብረት ከነካ ፊውዙ እዚያው ይቃጠላል። «አምፖሉን ስቀይር ሬዲዮውም ጠፋ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የሬዲዮው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ከዚያው ፊውዝ ነው የሚመገበው።

10. ክዳኑን ያንሱ። ከጠርዙ ጠባብ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ በቴፕ የተጠቀለለውን ካቻቢቴ እዚያ አስገብተው በቀስታ ይፈንቅሉ። መብራቱ በርቶ ከቆየ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ባለ 5 ዋት አምፖል ትንሽ ቢሆንም ጣት ያቃጥላል።

11. አምፖሉን ይቀይሩ። ሁለት ዓይነት በብዛት ያጋጥማል። አንዱ በሁለቱም ጫፍ ብረት ያለው ረዘም ያለ ሲሆን በሁለት የብረት ጥርሶች መካከል ይቀመጣል። ከመስታወቱ ሳይሆን ከአንዱ የብረት ጫፍ ይዘው ያውጡት። ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ 31፣ 36 እና 41 የተለመዱ ናቸው። 36 በሚፈልግ ቦታ 31 ካስገቡ ይንቀጠቀጣል፣ በጎድጓዳ መንገድ ላይ ወድቆ ብረት ይነካል። ሌላው መስታወቱ ራሱ የሚሰካው ቲ10 የሚባለው ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሳባል።

ዋቱን አይጨምሩ። በ5 ቦታ 10 ዋት ሲገባ ፊውዙ ይችለዋል፤ የማይችለው የፕላስቲክ ክዳኑ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ይጎብጣል። ብርሃን መጨመር ከፈለጉ ኤልኢዲ ይጠቀሙ፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ሙቀቱም ዝቅተኛ ነው። ኤልኢዲ ገብቶ ካልበራ አይጣሉት፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ነውና አውጥተው አዙረው ያስገቡት።

12. የበሩን ማብሪያ ይፈትሹ። በቆዩ መኪኖች በበሩ ምሰሶ ላይ የምትጫን ትንሽ ቁልፍ አለች። በሩን ከፍተው በጣትዎ ይጫኗት፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ቆሽሻለች ወይም ተጣብቃለች። በአዲሶቹ መኪኖች ማብሪያው በበሩ መቆለፊያ ውስጥ ስለሆነ አይታይም፤ በሩ ተዘግቶ ሳለ የዳሽቦርዱ «በር ክፍት» ምልክት ከበራ ጥፋተኛው እሱ ነው። አብዛኞቹ መኪኖች በር ከተዘጋ በኋላም መብራቱን ለተወሰኑ ሰከንዶች ያቆዩታል፣ ይህ ብልሽት አይደለም።

ክፍል ሦስት፦ የኋላ ኮፈን

13. ሲዘጋ መብራቱ በእርግጥ ይጠፋል? ኮፈኑ ሲዘጋ ማንም ስለማያየው፣ ሌሊት ባትሪ ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ይህ መብራት ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ባለ 5 ዋት አምፖል 0.4 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በ24 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 45 አምፔር ሰዓት ባለው ባትሪ፣ ሁለት ቀን ቆሞ ከዋለ ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ዞር ለማለት እምቢ ማለት ይጀምራል።

ቀላሉ መፈተሻ ስልክዎ ነው። ቪዲዮ ቀረጻ ያስጀምሩ፣ ወደ አምፖሉ አዙረው ውስጥ ያስቀምጡ፣ ኮፈኑን ይዝጉ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተው ይክፈቱና ይመልከቱት። ቁልፉን ግን በእጅዎ ይያዙ።

ካልጠፋ ኮፈኑ ተከፍቶ ሳለ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቢቴ ወደ ተዘጋ ቦታ ይግፉት፤ «ቀጭ» ሲል መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ማብሪያው ተበላሽቷል ወይም በቆሻሻ ተይዟል፤ በኮንታክት ማጽጃ (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ፈሳሽ) አጥበው ትንሽ ግራሶ ያድርጉበት። ኮፈኑን ከመዝጋትዎ በፊት ምላሱን በሪሞት ወይም በመክፈቻው መልሰው ይልቀቁት። ምላሱ ተዘግቶ ሳለ ኮፈኑን ከጣሉት ብረት ከብረት ይጋጫል፤ መቆለፊያው ይጣመማል።

አምፖሉ ላይ ብርድ ልብስ፣ ፌስታል ወይም ካርቶን እንዲደገፍ አያድርጉ። ኮፈኑ ክፍት ሆኖ ዕቃ ሲጫን ሲወርድ አምፖሉ ረጅም ጊዜ ይበራል፤ የነካውን ያቀልጣል።

አጠቃቀም ላይ ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም የሕይወት ጉዳይ ናቸው።

ኮፈኑን ከፍተው አይንዱ። ከመኪናው በስተኋላ የሚፈጠረው የአየር እሽክርክሪት የጭስ ማውጫውን ጭስ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ረጅም ዕቃ ጭነው የግድ ከሆነ መስኮቶቹን ሁሉ ይክፈቱ፣ የአየር ማራገቢያውን ከውጭ አየር እንዲስብ አድርገው ከፍ ያድርጉት፣ መንገዱንም ያሳጥሩ።

ልጆች በኋላ ኮፈን ውስጥ እንዳይጫወቱ ያድርጉ፤ መኪናው ቆሞም ቢሆን ይቆልፉት፣ ቁልፉንም ያርቁ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ለሕይወት አስጊ ይሆናል። ብዙ መኪኖች ከውስጥ የሚከፍት በጨለማ የሚያበራ መያዣ አላቸው፤ በአሜሪካ ከመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኋላ ኮፈን ላላቸው አዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ ሆኗል። የእርስዎ መኪና ካለው ቦታውን ለልጆች ያሳዩ፣ በዕቃም አይሸፍኑት።

ኮፈኑ በሪሞት እምቢ ካለ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሪሞቱ ባትሪ፣ ከዚያ በጓንት ሳጥን ውስጥ ሊኖር የሚችለው የኮፈን መከልከያ ቁልፍ፣ ከዚያ ፊውዙ። የመኪናው ባትሪ ከሞተ በሜካኒካል ቁልፍ ይክፈቱ። ቁልፍ ማስገቢያ ከሌለው የኋላ ወንበሩን አጥፈው ከውስጥ መግባት ይቻላል። የባትሪ ማስነሻ ገመድዎን በኤሌክትሪክ ብቻ በሚከፈት ኮፈን ውስጥ አያስቀምጡ።

14. የማጠፊያውን ሽቦዎች ይመርምሩ። ከመኪናው አካል ወደ ኮፈኑ የሚያልፉት ሽቦዎች በማጠፊያው አጠገብ ባለ ጎማ ቱቦ ውስጥ ናቸው። ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ፤ በዓመታት ውስጥ ሽፋናቸው ይሰነጠቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የሰሌዳ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሦስተኛው የፍሬን መብራት ይጠፋል፣ ወይም ፊውዙ ኮፈኑ ሲንቀሳቀስ ይቃጠላል። መብራቱን አብርተው ቱቦውን በእጅዎ ቀስ ብለው ያጥፉት፤ መብራቱ ከተንቀጠቀጠ አገኙት።

ጎማውን ከመቀመጫው አውጥተው ወደ ኋላ ይሳቡ። ለጥገናው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ሽቦዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ አንዱን ቆርጠው፣ አዲስ ቁራጭ ቀጥለው፣ ሸፍነው ወደ ቀጣዩ ይለፉ፣ አለዚያ ቀለም ይምታታብዎታል። መገጣጠሚያው ከሚታጠፈው ቦታ ውጭ እንዲውል ቁራጩን ረዘም ያድርጉት፤ የየሽቦውን መገጣጠሚያም በተለያየ ከፍታ ያድርጉ፣ አለዚያ በአንድ ቦታ አብጦ ቱቦው አይገባም። ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል አይበቃም፤ ቴፑ በሙቀት ይላቀቅና ሽቦው መልሶ ብረቱን ይነካል።

ኮፈኑን ደግፈው የሚይዙት የጋዝ ዘንጎች ከደከሙ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፣ አንዱ ብቻ አዲስ ሲሆን ኮፈኑ ይጣመማል። አሮጌውን ከመንቀልዎ በፊት ኮፈኑን በጠንካራ እንጨት ይደግፉ ወይም ሰው ይያዝልዎ። በሁለቱም ጫፍ ያለውን የብረት መያዣ በትንሽ ካቻቢቴ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ዘንጉን ወደ ውጭ ይሳቡ። ኮፈኑ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች እንዲመለከት ይግጠሙት፤ በውስጡ ያለው ዘይት ጎማውን የሚያርሰው በዚህ አቀማመጥ ነው። አሮጌውን አይብሱት፣ እሳት ውስጥም አይጣሉት፤ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጋዝ አለበት።

ክፍል አራት፦ ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል

15. በፊውዙ ፋንታ አምፖል ያስገቡ። ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ሁለት ሽቦ ቀጥለው በፊውዙ ሁለት ጥርሶች ላይ ያገናኙት። አምፖሉ ከ2 አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ ሽቦ አይቃጠልም፤ እርስዎም ፊውዝ አይጨርሱም። በሙሉ ብርሃን ከበራ መስመሩ ሾርት ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ይንቀሉ፦ የጣሪያ መብራት፣ የፀሐይ መከላከያው መስታወት መብራት፣ የበር መብራቶች፣ የኋላ ኮፈን መብራት፣ በኋላ የተጨመረ ካሜራ ወይም ሬዲዮ። አምፖሉ ድንገት ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ የመጨረሻ የነቀሉት ላይ ነው ችግሩ። በኤርባግ ወይም በሞተር ኮምፒውተር መስመር ላይ ግን ይህን ዘዴ አይጠቀሙ።

የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ከሆነ የሚቃጠለው፣ ሳጥን ከመፍታትዎ በፊት ጉድጓዱን በእጅ ባትሪ ያብሩበት። ሳንቲም ወይም የተሰበረ የቻርጀር ጫፍ ይገኛል። ፊውዙን ነቅለው ያውጡት።

16. ፊውዙ ደህና ሆኖ ባትሪ የሚሞት ከሆነ። ሞተሩ ጠፍቶ ለሰዓታት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። መኪናውን ዘግተው እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቁ፤ ኮምፒውተሮቹ የሚተኙት ወዲያው አይደለም። በመጠበቂያው ጊዜ የፊውዝ ሳጥኑ ክፍት መሆን ስላለበት የበሩን መቆለፊያ ምላስ በካቻቢቴ ወደ ተዘጋ ቦታ ይግፉት (መልሰው መልቀቅዎን አይርሱ)። ከዚያ ቴስተሩን በሚሊ ቮልት አድርገው ሁለቱን ጫፎች በአንድ ፊውዝ ሁለት ነጥቦች ላይ ያድርጉ። ዜሮ ከሆነ ምንም አያልፍም። ጥቂት ሚሊ ቮልት ካሳየ በዚያ መስመር ላይ የሚበላ ነገር አለ። ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ ግን የተኙትን ኮምፒውተሮች ይቀሰቅስና ልኬቱን ያበላሻል። መኪናው በእረፍት ላይ እያለ በአጠቃላይ የሚወስደው ከ0.05 አምፔር በታች መሆን አለበት።

ሥራውን አቁመው ለኤሌክትሪሻን የሚሰጡት መቼ ነው?

የሳጥኑ ፕላስቲክ ከቀለጠ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው፤ የኤርባግ ምልክት በዳሽቦርዱ ላይ ከበራ፤ የተቃጠለው በብሎን የታሰረው ትልቁ ፊውዝ ከሆነ፤ ወይም በሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ዝገትና ውሃ ካዩ። ሲወስዱት ሦስት ነገር ጽፈው ይስጡት፦ የፊውዙን ቦታ ቁጥር፣ አምፔሩን፣ የተቃጠለው ምን ሲያደርጉ እንደሆነ። «ወዲያው»፣ «ጎድጓዳ መንገድ ላይ» እና «ኮፈን ስከፍት» የሚሉት ሦስት የተለያዩ ጥፋቶችን ያመለክታሉ፤ የፍለጋውንም ሰዓት በብዙ ያሳጥራሉ።